ገንዘቡን ከሰጠን በኋላ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የገቢና የወጪ ሪፖርት ጠዋት ሰምታችኋል፤ ያንን አንደግምም። እኛ የሒሳብ ኮሚቴ አባላት ይህን ሰዓት የጠየቅነው በሪፖርቱ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ «ያልተመለሰ ብድር» ተብሎ ስለታለፈው ጉዳይ ለመናገር ነው። ያ መስመር ሲነበብ ቁጥር ብቻ ይመስላል። ከጀርባው ግን በስም የምናውቃቸው፣ አብረናቸው ቡና የጠጣን እህቶች አሉ።

በንግግራችን መጨረሻ አንድ ሐሳብ ለድምፅ እናቀርባለን። ሐሳቡ ሁላችሁንም ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ በተለይ ዘንድሮ የብድር ተራዋን የምትጠብቅ እህት ቅር ልትሰኝ ትችላለች። ስለዚህ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ወደዚህ ሐሳብ ምን እንዳደረሰን እንድትሰሙን እንለምናለን።

ያለንን አንናቅ

ማኅበራችን እንደ ሌሎቹ ራስ አገዝ ማኅበራት በየሳምንቱ ጥቂት ብር ከማስቀመጥ የተነሣ ነው። ይህ አሠራር ከሕንድ ልምድ ተወስዶ በአገራችን በ1994 ዓ.ም. ገደማ አዳማ ላይ በጥቂት ቡድኖች ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞችና ገጠሮች ተዛመተ። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች አንድ ቡድን ይሆናሉ፣ በየሳምንቱ ይቆጥባሉ፣ ከቆጠቡት ላይ በተራ ይበደራሉ። ለእኛ ነገሩ ብዙም እንግዳ አልነበረም። እናቶቻችን እቁብ ሲጥሉ፣ እድር ሲገቡ አይተን ነው ያደግነው።

እስቲ እድርን እንውሰድ። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። የሚጽፈው ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ የሚይዘው ለብቻው ወጪ አያዝም። ከመካከላችን ኮሌጅ ገብተን ሒሳብ የተማርነውን ይህንኑ ነገር እንደ ትልቅ ሕግ አስጠንተውናል። ለካስ ሰፈራችን ሳያጠና ሲሠራበት የኖረ ነው። ይህን የምናነሣው ችግራችን የእውቀት ማጣት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እድር ሰው ሲሞት የሚቀብርና የሚመለስ አይደለም፤ ሐዘንተኛውን ሦስት ቀን አይተወውም። እኛ ግን ለእህቶቻችን ብድር ሰጥተን በዚያው ቀን ተመለስን።

ያጣናት እህት

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን የባልትና ሱቅ ለመክፈት 40,000 ብር ተበደረች። ሙያዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በርበሬዋንና ሽሮዋን ያልቀመሰ የለም። እኛም አልተጠራጠርንም። ብሩን ያስረከብናት በዚህ አዳራሽ ነው። አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦ ቆረስን።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የሰማነው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። አከራይዋ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቋት፤ በወር 3,000 ሒሳብ 18,000 ብር ከፈለች። ለመደርደሪያ፣ ለሚዛንና ለማስታወቂያ ሰሌዳ 7,000 ብር ሄደ። ለዕቃ የቀራት 15,000 ብር ብቻ ነው። በዚያ ላይ በርበሬ የሚገዛው በወቅቱ፣ ዋጋው ሲረክስ፣ በብዛት ስለሆነ አብዛኛውን እዚያ ላይ አዋለችው። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስህተት አይደለም። ችግሩ በርበሬው እስኪቀነጠስ፣ እስኪደለዝ፣ እስኪፈጭና እስኪሸጥ ድረስ ለዕለት የሚሆን ብር በእጇ አለመቅረቱ ነው። በሁለተኛው ወር ልጇ ታመመ። ከሱቁ ሳጥን አወጣች። ምን ታድርግ? ሌላ ሳጥን አልነበራትም።

በሦስተኛው ወር ክፍያ ተቋረጠ። እኛ ወደ ሱቋ የሄድነው ያን ጊዜ ነው፤ የሄድነውም ለመጠየቅ ሳይሆን ለማስጠንቀቅ ነበር። በስድስተኛው ወር ሱቁ ተዘጋ። ዋስ የሆኑላት አምስት የቡድኗ አባላት ቀሪውን ዕዳ ከቁጠባቸው ከፈሉ። እርሷም ከስብሰባ ቀረች። መንገድ ላይ ስታየን ማዶ ለማዶ ተሻግራ ትሄድ ነበር።

በዚህ አላበቃም። ሱቁን ስትዘጋ የንግድ ፈቃዷን አልመለሰችም፤ መመለስ እንዳለባት የነገራት የለም። ፈቃዱን ሳይመልስ ሱቁን የዘጋ ሰው በወረዳው መዝገብ ላይ እስከ አሁን ነጋዴ ነው። የማትሸጥ ሴት ግብር ከነቅጣቱ ተጠየቀች።

ባለፈው ዓመት ሦስታችን ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ቡና አፈላችልን። ከዚያም አንድ ነገር አለችን፦ «ገንዘቡን ስትሰጡኝ ሰባት ሆናችሁ ነበር የቆማችሁት፤ ሲጠፋብኝ ግን አንዳችሁም አልነበራችሁም።» መልስ አልነበረንም። ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ቤት ስንወጣ ነው።

ባዶ የተመለሰው ደብተር

«ሥልጠና ሰጥተን አልነበረም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሰጥተናል። ለሁለት ቀን አዳራሽ ሰብስበናችሁ ስለ ዴቢትና ክሬዲት አስተምረናል። ሁላችሁም ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ሰማችሁን፤ በስድስተኛው ወር የታደሉትን ደብተሮች ስንሰበስብ አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። አንዱ ላይ የልጅ የቤት ሥራ ተሠርቶበታል።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ያስተማርነው እኛ ኮሌጅ የተማርነውን እንጂ እናንተ የሚያስፈልጋችሁን አልነበረም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ሊጥ የምታቀጥን ሴት ስለ ሒሳብ ሚዛን የምታስብበት ሰዓት የላትም። የሚያስፈልጋት አራት መስመር ነው፦ ዛሬ ምን ገባ፤ ዛሬ ምን ወጣ፤ ማን በዱቤ ወሰደ፤ ለቤት ምን ወሰድኩ። ይኼው ነው። ማታ ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶቻችንም መንገድ አለ። አንዲት ጉሊት የምትቸረችር እናታችን ሦስት ጣሳ አላት፤ አንዱ ለነገ ዕቃ መግዣ፣ አንዱ ለብድር፣ አንዱ ለቤት። የመጀመሪያው ጣሳ ሳይሞላ ሦስተኛውን አትነካም። እርሷ የሒሳብ መዝገብ አልያዘችም ይባላል፤ እኛ ግን ከብዙ መዝገብ ያዥ የተሻለች ሒሳብ አዋቂ እንላታለን።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በጣሳ ያለም አይረሳም።

እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን

አሁን ስለ ሁለተኛዋ እህት እንንገራችሁ፤ እርሷም እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ሒሳቡ እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግተናቸዋል።

ይህች እህት እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶችና ለጎረቤት ትሸጣለች። የመጀመሪያውን ብድር ገና ሳትጨርስ ሌላ 20,000 ብር እንድንጨምርላት አመለከተች። ምክንያቷ ግልጽ ነበር፦ «ሥራ አለ፣ ገበያ አለ፣ ዱቄት መግዣ ግን እያጠረኝ ነው።» በቀድሞው አሠራራችን ቢሆን ኖሮ ዋስ ጠይቀን እንሰጣት ነበር። ከባልትናዋ እህታችን በኋላ ግን ፈራን። «መጀመሪያ ለአንድ ወር ማታ ማታ አብረንሽ እንጻፍ» አልናት። በተራ እየሄድን ጻፍን።

በቀን 100 እንጀራ ትጋግራለች። አንዱን በ25 ብር ስለምትሸጥ በእርሷ ስሌት 2,500 ብር ይገባል። ዱቄቱ ከነማስፈጫው 1,800 ብር ነው። ስለዚህ በቀን 700 ብር እንደምታተርፍ ታስብ ነበር። ስንጽፈው ግን ሌላ ሆነ።

ለመብራት 100 ብር፣ ለላስቲክና ለጥቃቅን ነገር 50 ብር፣ ለባጃጅ 150 ብር ትከፍላለች። ከዱቄቱ ጋር ወጪው 2,100 ብር ሆነ። ከ100ው እንጀራ ውስጥ በአማካይ አራቱ ይቀደዳሉ ወይም ሳይሸጡ ያድራሉ፤ ስድስቱን ቤተሰቡ ይበላል። የሚሸጠው 90 ነው፤ 2,250 ብር። ከዚህ ላይ 2,100 ሲነሣ 150 ብር ይቀራል። የብድሩ ክፍያ ከነወለዱ በወር 2,000 ብር፣ በ25 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 80 ብር ነው። የቀረው 70 ብር! 700 ብር ያለችው 70 ብር ሆነ። አንዲት ዜሮ ሄደች።

ይህንን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ «ለሰባ ብር ነው እንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የምነሣው?» አለች።

ጉዱ ግን ሌላም አለው። ከ90ው እንጀራ ውስጥ 30ውን በየቀኑ የሚወስደው አንድ ምግብ ቤት ነው፤ የሚወስደውም በዱቤ። በቀን 750 ብር ማለት ነው። ልጇ በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ላይ በእርሳስ እየሰመረች ትመዘግበው ነበር፤ መስመሮቹን ስንቆጥር ያልተከፈለ የ22 ቀን ዱቤ ተገኘ። 16,500 ብር! ከእኛ 20,000 ብር ልትበደር የመጣችው ሴት 16,500 ብር ሰው ዘንድ አስቀምጣለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ዱቄት መግዣ ያጣችው ንግዷ ስላነሰ ሳይሆን የራሷን ገንዘብ ለምግብ ቤቱ ያለ ወለድ ስላበደረች ነው።

ያን ጊዜ ሁለተኛውን ብድር ብንሰጣት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ክፍያው ይጨምራል፣ 70 ብሩም ይጠፋል፣ ብድሩን ከዱቄት መግዣው ላይ መክፈል ትጀምራለች። ሥራዋን በገዛ እጃችን እንዘጋባት ነበር፤ ያውም ረዳናት ብለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ከኮሚቴው ሁለታችን አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዘን ከእርሷ ጋር ወደ ምግብ ቤቱ ሄድን። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው የዘገዩት። የድሮውን ዕዳ በአራት ጊዜ ለመክፈል፣ አዲሱን ደግሞ በየቅዳሜው ለመዝጋት ተስማሙ። ስምምነቱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተፈረመ። ሁለተኛ፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄዱ ሌሎች ሁለት ጋጋሪዎች ስለነበሩ ባጃጁን ለሦስት እንዲይዙት አገናኘናቸው፤ 150 ብሩ 50 ሆነ። ሦስተኛ፣ ትእዛዝ ማታውኑ በስልክ እየጠየቀች መጋገር ጀመረች፤ ይተርፉ የነበሩት አራት እንጀራዎች ወደ አንድ ወረዱ።

አሁን 93 እንጀራ ትሸጣለች፤ 2,325 ብር። ወጪዋ 2,000 ብር ነው። ከብድሩ ክፍያ በኋላ በቀን 245 ብር ይቀራታል። ለቤት የምትወስዳቸውን ስድስት እንጀራዎችም ትጽፋቸዋለች። ቤተሰብ የበላው ኪሳራ አይደለም፤ የድካሟ ዋጋ አካል ነው። ግን ካልተጻፈ የት እንደገባ አይታወቅም። በክረምት ሊጡ በብርድ ቶሎ አልቦካ ብሎ ሥራው ሲቀንስም አሁን ከየትኛው ወር ያስቀመጠችው እንደሚሸፍናት ታውቃለች።

ለዚህች እህት አንድ ብር አልጨመርንም። የሰጠናት የአንድ ወር ማታ ነው።

ለትርፍ ያልቆመውም ሒሳብ አለው

አንዳንድ አባሎቻችን ከጎረቤት ጋር ሆነው ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ምሳ የሚያቀርብ ትንሽ ማኅበር እንዳቋቋሙ ታውቃላችሁ። የሒሳብ ሥራውን እንድንረዳ ስለጠየቁን የደረሰውን በፈቃዳቸው እንናገራለን።

አንድ ውጭ አገር የሚኖሩ የሰፈራችን ተወላጅ ለማብሰያ ቤቱ ጣሪያ ብለው 60,000 ብር ላኩ። በዚያ ወቅት የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር፣ ዱቄቱም አልቆ ነበር። ሰብሳቢዋ «አረጋውያኑ ከሚራቡ» ብለው ከጣሪያው ብር ላይ 22,000 ለምግብና ለኪራይ አወጡ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ኪሱ አልከተተም። ሰጪው ግን ጣሪያውን ጠየቁ፤ ጣሪያው በግማሽ ቆሟል። ደረሰኝ ጠየቁ፤ የከሰልና የጎመን ደረሰኝ የለም። አዘኑ፣ እርዳታውንም አቆሙ። በሳምንት አምስት ቀን የነበረው ምሳ ወደ ሁለት ቀን ወረደ።

ከዚህ የተማርነውን ባጭሩ እንንገራችሁ። ለአንድ ጉዳይ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ሌላ ቦታ ማዋል ካስፈለገ ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ብዙዎች ሲጠየቁ እሺ ይላሉ፤ የሚከፋቸው ሳይጠየቁ ሲቀሩ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ ጉሊት ላይ ሲገዛ የገዛችው፣ ያየችውና ያጸደቀችው የሚፈርሙበት የወጪ ማረጋገጫ በዕለቱ ይጻፍ። ባንክ ላይ ሁለት ፊርማ ይሁን። በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለረዱ ሰዎች ሁሉ ይላክ፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ሰው በላ።

ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ከቀድሞው ሕግ ይልቅ ሰፊ በር ከፍቷል። ዓላማቸውን ለማሳካት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይችላሉ፤ ትርፉን ግን አባላት አይካፈሉትም። አስተዳደራዊ ወጪያቸውም ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለባቸው። ደብተር የሌለው ደግ ሰው ይህን ሊያሟላ አይችልም፤ ደግነቱም አይጠብቀውም።

ሰጪው እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ነገር ግን የሦስት ወሩን ደብዳቤ ያነበቡ ሁለት የሰፈር እድሮች በየወሩ መዋጮ ጀመሩ፤ ምሳው ወደ አራት ቀን ተመልሷል። አምስተኛው ቀን ይቀረናል።

ከእኛ አልፋ ስትሄድ

የምንረዳት እህት ሁልጊዜ የእኛ ተበዳሪ ሆና እንድትቀር አንፈልግም። አንድ ቀን ሰው ትቀጥራለች። ሠራተኛዋ በጡረታ ሕጉ ስትታቀፍ ከሠራተኛዋ ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ ቀጣሪዋ ደግሞ 11 በመቶ ትጨምራለች። ይህን ሳታስብ ደመወዝ የተስማማች ነጋዴ በኋላ ትደነግጣለች። ሥራዋ ሲሰፋም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ያኔ የድርጅቷ ዕዳ ከቤቷ ንብረት ይለያል።

ባንክ ስትሄድ ደግሞ ቤት የላትም ተብሎ የምትመለስበት ዘመን በጥቂቱም ቢሆን እየተለወጠ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ለምሳሌ መሣሪያ፣ ያለ ዕቃ ወይም ከሌላ የሚሰበሰብ ሒሳብ፣ ተመዝግቦ ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። የቤት ካርታው በባል ወይም በአባት ስም ለሆነባት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ምግብ ቤት ላይ የነበረው 16,500 ብር እንኳ በልጅ እርሳስ ሳይሆን በሥርዓት ቢጻፍ ኖሮ ስሙ «የሚሰበሰብ ሒሳብ» ነበር። አበዳሪው ግን «ያለፈውን ዓመት ሒሳብሽን አሳዪኝ» ማለቱ አይቀርም። ያንን ቀን የምትዘጋጅለት በዚያ ቀን ሳይሆን ዛሬ ማታ ነው።

ለድምፅ የቀረበው ሐሳብ

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ሙሽራ ያለ ሚዜ አትወጣም። አዲስ ሥራ የምትጀምር እህትም ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ሚዜ ያስፈልጋታል እንላለን። ዝርዝሩ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ብድር የምትጠይቅ እህት ከማመልከቻዋ ጋር የአንድ ወር መዝገብ ታቀርባለች። ገና ሥራ ያልጀመረች የቤቷን ወጪ ትጻፍ፤ መጻፍ የማትችል በጣሳ ታሳየን።

ሁለተኛ፣ ብድሩ በሁለት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ክፍል ከሦስት ወር በኋላ፣ ሥራው ምን እንደሚፈልግ ታይቶ ይለቀቃል። የባልትናዋ እህታችን ብር ከፊሉ ለሦስት ወር ቆይቶላት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በኪራይና በመደርደሪያ አያልቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሚዜዎች በየወሩ አንድ ጊዜ ደብተሯን አብረዋት ያያሉ። ሚዜዎቹ ዋሶቿ አይሆኑም፤ ዋስ ሲፈራ ይቆጣል። የብድር ኮሚቴ አባልም አይሆኑም፤ ሰው አበዳሪውን ይደብቃል።

አራተኛ፣ በደብተር የታየ ነገር ቡና ላይ አይወራም። ያወራች ሚዜ ከሥራው ትነሣለች። በዚህ ላይ ምሕረት እንዳይኖር እንጠይቃለን። የሴት ገመናዋ የቤቷ ሒሳብ ነው።

አምስተኛ፣ ሥራው አልሆን ያላት እህት እስከ መጨረሻው አትተውም። ወረዳ ድረስ አብረን ሄደን ፈቃዷን እናስመልሳለን፣ የዕዳ ክፍያዋንም እንደ አቅሟ እናስተካክላለን። መክሰር ነውር አይደለም። ነውሩ የከሰረችን እህት ማዶ ለማዶ እንድትሻገር ማድረግ ነው።

ይህ ነገር ዋጋ አለው፤ እንደብቅም። ሚዜዎቹ የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ ይኖርባቸዋል፤ እርሱ ከብድሩ የአገልግሎት ክፍያ ይሸፈን ብለናል። ትልቁ ዋጋ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ያሉን ፈቃደኛ ሚዜዎች ሃያ አራት ናቸው። ሁለት ሁለት ስንመድባቸው ለአሥራ ሁለት ተበዳሪዎች ብቻ ይበቃሉ። ዘንድሮ ልናበድር ያሰብነው ግን ለሃያ እህቶች ነበር። ስምንቱ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ ማለት ነው። ስምንቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ እንዳለባችሁ እናውቃለን። «ገንዘቡ እያለ ለምን እንጠብቃለን?» ብትሉ መብታችሁ ነው።

መልሳችን ይህ ነው። ገንዘቡ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ለባልትናዋ እህታችን ከቁጠባቸው የከፈሉት የአምስቱ ሴቶችም ነበር። ለሃያ ሰጥተን ሰባቱን ከምናጣ፣ ለአሥራ ሁለት ሰጥተን አሥራ ሁለቱንም ከነሥራቸው ብናገኛቸው ይሻላል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዓመታቸውን የጨረሱ አሥራ ሁለት ሴቶች ራሳቸው ሚዜ ይሆናሉ። ያኔ አሥራ ስምንት እህቶችን ልንይዝ እንችላለን። የሚጠብቁት ስምንት እህቶችም ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ከፈለጉ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይዘው እንዲቀመጡ እንረዳቸዋለን። በወረፋውም የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው።

ከመጨረሳችን በፊት አንድ ነገር እንጨምር። ባለፈው ወር የባልትናዋን እህታችንን አንዲት ጥልፍ ለምትጀምር ወጣት ሚዜ ትሆን እንደሆነ ጠየቅናት። «እኔ የከሰርኩ ሴት ምን አስተምራለሁ?» አለች። «የት ላይ እንደሚጠፋ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም» አልናት። አልመለሰችልንም። ዛሬ ግን መጥታለች፤ ከኋላ በኩል ተቀምጣለች። ዞር ብላችሁ አትዩአት፣ እንዳትሸሽብን። ድምፅ ስንሰጥ የእርሷም እጅ እንደሚቆጠር ብቻ እወቁ።

የሚቃወም፣ የሚያሻሽል፣ የሚጨምር ካለ መድረኩ ክፍት ነው።